ሰርቨሩ በርቷል ስሙ ግን አይገኝም፦ የጅማው መጋዘን ቻት ሰርቨር ጥያቄና የመጡለት 33 መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ ረዝሞ 33 መልስ ደረሰ፣ መሃል ላይ ጭቅጭቅም ገባበት፣ አሁን አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ የሚፈልገውን ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ፣ እኔ የተሳሳትኩባቸውም እዚሁ አሉ።

መነሻ ጥያቄው

የምሰራው ጅማ ቆጪ አካባቢ ያለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ቢሮው፣ ሚዛን ቤቱ፣ ቅምሻ ክፍሉና በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች የሚጻጻፉበት የራሳችን ቻት ሰርቨር አለን፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜ፣ ኤክስኤምፒፒ በሚባለው የቻት ስርዓት የሚሰራውን ፕሮሶዲ የሚባል ሰርቨር አስነስቼበት ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ የግቢው ዋይፋይ እስካለ ድረስ ይሰራል፣ የተሰራውም ለዚሁ ነው፣ ምክንያቱም በለቀማ ሰሞን መኪና ተሰልፎ እያለ የሚዛን ቁጥር ለሒሳብ ክፍል ካልደረሰ ገበሬው ገንዘቡን ሳይዝ በር ላይ ያመሻል።

ሰርቨሩን ቡና ዶት ሎካል ብዬ ሰየምኩት። ከዛ ይሄንን ስም 192.168.1.14 ከሚለው አድሬስ ጋር 11 ኮምፒውተር ላይ እየዞርኩ ሆስትስ ፋይል ውስጥ (ማሽኑ የትኛው ስም የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚያይበት ፋይል ነው) ጻፍኩ፣ ስልኮቹ ላይ ሆስትስ ፋይል መንካት ስለማይቻል ደግሞ አፑ ላይ ቁጥሩን ራሱን አስገባሁ። ሁለት ወር ምንም አልነበረም። አንድ ረቡዕ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለሰርቨሩ 192.168.1.23ን ሰጠው፣ ጠዋት 11ዱም ኮምፒውተር የድሮውን አድሬስ ያንኳኳል፣ 14 ላይ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር ገብቶበታል። ሚዛን ቤት ያለው ልጅ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፈ ግቢውን በሩጫ ሲያቋርጥ ዋለ። እኔ ልጁን እያየሁ ነው ጥያቄውን የጻፍኩት፦ ስሙን የት ነው ማስቀመጥ ያለብኝ፣ ሁሉም ማሽን ላይ ወይስ አንድ ቦታ?

መልሶቹ

1ኛው ቶሎ መጣ፣ ትሁት ሰው ነው። ከስሙ በፊት አድሬሱን እንዳስተካክል ነገረኝ፣ ስም የሚጠቁመው ቁጥርን ስለሆነ ቁጥሩ የሚዞር ከሆነ ስሙን የትም ባስቀምጠው እንደማይጠቅመኝ። ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ የሚለው ገጽ (ራውተሩ ለማሽኖች ቁጥር የሚያድልበት ነው) ገብቼ የሰርቨሩን ማክ አድሬስ፣ ማለትም የኔትዎርክ ካርዱን መለያ፣ ከአንድ አይፒ ማለትም ከአንድ ቁጥር ጋር እንዳስረው መከረኝ። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ፣ ሰርቨሩ ላይ ራሱ ቋሚ አይፒ መስጠትም እንደሚቻል ጨመረ፣ ግን ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፣ ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ ሰርቨሩን 10 ላይ ማስቀመጥ ነው። 10 ላይ አስቀመጥኩት፣ እስካሁን እዛው ነው።

3ኛው ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶ መገላገል እየተቻለ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። 4ኛው የኔ መልስ ነበር፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ቴሌግራም የለም፣ የሚዛን ቁጥር ደግሞ የሚመጣው ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ነው። 5ኛው ከአጋሮ የጻፈ ወንድም ነው፣ እነሱም ጋ ተመሳሳይ ችግር እንዳለ፣ ሰርቨራቸውም ልክ እንደኛው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንደተቀመጠ ነግሮኝ የሚመጣውን መልስ ሁሉ እንደሚከታተል ገለጸ። ይሄን ልጅ አስታውሱት፣ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

6ኛዋ የላብራቶሪ ኮምፒውተሮችን የምትጠብቅ እህት ናት። ሆስትስ ፋይል ለሁለት ለሦስት ማሽን ምንም እንደማይል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን አንዱ መረሳቱ እንደማይቀር ከራሷ ገጠመኝ አወጋችን። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታ ስሙን ጽፋ ሴቭ ስታደርግ፣ ኖትፓዱ ሳታስተውል መጨረሻው ላይ ቲኤክስቲ ጨምሮበት ሌላ አዲስ ፋይል ፈጥሮ ኖሯል፣ ትክክለኛው ፋይል እንደነበረ ቀርቶ እሷ ግማሽ ቀን ኬብል ስትፈትሽ ዋለች። እኔም ያኔውኑ ሄጄ ስፈትሽ ቅምሻ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ላይ ይኸው ሆኖ አገኘሁት፣ እሱ ላይ ቻቱ አልሰራ ብሎን ስንት ጊዜ ዋይፋዩን ስንወቅስ ነበር።

7ኛውን የጻፉት ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አጭር ጽሑፍ ነው ግን ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የገባው እሱ ነው። እኔ 11 ኮምፒውተር ላይ እየዞርኩ ያደረግኩትን ነገር አርፓኔት የሚባለው የጥንቱ ኔትዎርክ ለዓመታት አድርጎት እንደነበር አስረዱን። ያኔ የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር ሆስትስ ዶት ቲኤክስቲ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነበር፣ ካሊፎርኒያ ያለው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ኤልዛቤት ፋይንለር የምትመራው ቡድን ነው ይዞት የነበረው፣ አዲስ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ለነሱ ያሳውቃል፣ እነሱ ይጨምሩታል፣ ሌላው ሁሉ ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ መገልበጡ አልቻል አለ፣ አንዱ ጋ አዲሱ ሌላው ጋ አሮጌው ፋይል ሆነ። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እንደ ፈረንጆቹ ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም መጠየቂያ ስርዓት ያወጣው ለዚህ ነው፣ ስሙ ባለቤቱ ጋ ተቀምጦ ሌላው ሲፈልግ እንዲጠይቅ። ከዛ ጋሼ የኔን ጥያቄ በሁለት መስመር መለሱልኝ፣ ስሙ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ማሽኖቹ የት ሄደው እንደሚጠይቁ ብቻ ይወቁ፣ ያንን ደግሞ ዲኤችሲፒ ይነግራቸዋል።

8ኛው ዲኤንኤስማስክን ጠቆመ፣ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ እዛው ቻት ሰርቨሩ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ የሚያውቀውን ስም ራሱ ይመልሳል የማያውቀውን ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ከ9 እስከ 11 ያሉት ስለመጫኑ ነው። ኡቡንቱ (ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ነው) የሚጠቀም አንድ ልጅ ዲኤንኤስማስክ አልነሳ ብሎት ነበር፣ ፖርት 53 (የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚገባበት በር) ተይዟል እያለ፣ የያዘው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የሚባለው የኡቡንቱ የራሱ ስም ፈላጊ ነው፣ 127.0.0.53 ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሁለት መፍትሄ ተሰጠው፣ ወይ የሪዞልቭድን ስተብ ሊስነር (እዛ የሚያዳምጠውን ክፍል) ማጥፋት፣ ወይ ዲኤንኤስማስክን በኔትዎርክ ካርዱ አድሬስ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ማሰር። እኔ ዴቢያን ላይ ስለነበርኩ ይሄ አልደረሰብኝም፣ የደረሰብኝ ሌላ ነው።

12ኛው የኔ ነው፣ ተናድጄ ነበር የጻፍኩት። ዲኤንኤስማስክ ተነሳ፣ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ 192.168.1.10ን አስገባሁ፣ ሰርቨሩ ላይ ሆኜ ስሞክር ፍጹም ይሰራል፣ ከሌላ ቦታ ግን አንዱም አይገባም። የጥበቃውን ስልክ ወስጄ የፒንግ አፕ (አንድ ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚሞክር) ስጭንበት ስሙን አገኘው፣ መልስም መጣ፣ በጣም ፈጣን መልስ፣ ቻቱ ግን ኮኔክሽን ሪፊውዝድ (ግንኙነቱ አልተፈቀደም) ይላል።

13ኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ ፒንጉ ላይ የሚታየው ቁጥር ስንት እንደሆነ። ሄጄ አየሁት፣ 127.0.1.1 ይላል። ስልኩ ራሱን ነበር የሚጠራው! ነገሩ እንዲህ ነው። ዴቢያን ሲጫን ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ሆስትስ ፋይል ሁለተኛ መስመር ላይ የማሽኑን ስም ከ127.0.1.1 ጋር ይጽፈዋል፣ 127 የሚጀምር አድሬስ ሁሉ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ማለት ነው። ለማሽኑ ለራሱ ችግር የለውም። ዲኤንኤስማስክ ግን ሲነሳ ያንን ፋይል ያነበዋል፣ አንብቦም ለጠየቀው ሁሉ ያድለዋል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ቻት ሰርቨሩ የት ነው ሲል አንተው ነህ ይባላል። መስመሩን ወደ 192.168.1.10 ቀየርኩት፣ ዲኤንኤስማስክን ሪስታርት አደረግኩ፣ የጥበቃው ስልክ ወዲያው ገባ። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄንን መስመር ያዙ፣ ዴቢያንም ኡቡንቱም ላይ አለ።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ምስጋና ጽፌ ነበር፣ 14ኛው እሱ ነው። 15ኛው ግን ገና መጀመሪያ ላይ ማንም ያልነካውን አነሳ፣ ዶት ሎካል የሚለውን ስም ለምን እንደመረጥኩ። እኔ ሎካል ማለት የግቢ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሱ እንዳስረዳው ግን ዶት ሎካል በ2013 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው ስታንዳርድ ለኤምዲኤንኤስ ተይዟል፣ ሰርቨር ሳይኖር ማሽኖች 224.0.0.251 በሚባል የጋራ አድሬስ ላይ በፖርት 5353 እርስ በርስ የሚጠራሩበት ነው። ብዙ ኡቡንቱ ዴስክቶፖች ላይ ስም የሚፈለግበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሆስትስ ፋይሉን፣ ቀጥሎ ኤምዲኤንኤስን፣ ከዛ ዲኤንኤስን ነው፣ ኤምዲኤንኤሱ ላይ ደግሞ ካልተገኘ እዛው ተመለስ የሚል ትዕዛዝ አለበት፣ ስለዚህ በዶት ሎካል የሚያልቅ ስም ሲጠየቅ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ጋ ሳይደረስ ፍለጋው ያበቃል።

16ኛው ይሄን ስድብ በተቀላቀለበት ቋንቋ አጣጣለው፣ እሱ ጋ ዶት ሎካል ለዓመታት ያለችግር እንደሰራ፣ ኤንኤስሉክአፕ በሚባለው የስም መሞከሪያ ሲጠይቅም ትክክለኛው ቁጥር እንደሚመጣለት፣ 15ኛው ያነበበውን ብቻ እንደሚደግም። 17ኛዋ (ላብራቶሪ ያለችው እህት ናት፣ 6ኛዋ) በእርጋታ ገባችና ልዩነቱን አሳየችን። ኤንኤስሉክአፕ ዲኤንኤስ ሰርቨሩን በቀጥታ ነው የሚጠይቀው፣ ብሮውዘሩና ቻት አፑ ግን በሲስተሙ ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ኤንኤስሉክአፕ አገኘው ማለት አፑ ያገኘዋል ማለት አይደለም። አፑ የሚያየውን ማየት የሚፈልግ ሊኑክስ ላይ ጌትኤንት ሆስትስ ብሎ ስሙን ይጠይቅ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ኡቡንቱ ላይ ሞከርኩት፣ ሆስትስ ፋይሉ ውስጥ በእጄ የጻፍኩትን አጥፍቼ፣ ኤንኤስሉክአፕ 192.168.1.10 አለ፣ ጌትኤንት ባዶ። 16ኛው ከዛ በኋላ ስለዚህ ነገር አልጻፈም።

ታዲያ ምን እንሰይመው? 18ኛው ሁለት አማራጭ ሰጠ፣ ለቤት ኔትዎርክ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ የተመደበው ሆም ዶት አርፓ አለ፣ በ2024 ደግሞ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን ዶት ኢንተርናልን ለግል ኔትዎርክ አስቀምጦታል፣ ማንም ገዝቶ ሊወስደው አይችልም። 19ኛው የራስህ የተገዛ ዶሜን ካለህ ከሁለቱም ይበልጣል አለ፣ እኛ ለኢሜል የተገዛ ነበረን፣ እሱን ወሰድን፣ ስሙም እኔ ካወጣሁት የተሻለ ነው።

20ኛው ክሩን ወደ ሌላ ወሰደው፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ለምን በራሳችን ፊደል አትሰይመውም ነው ጥያቄው። ይቻላል፣ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ከ1999 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ አለ፣ ዲኤንኤሱ ውስጥ ሲገባ ፐኒኮድ ወደሚባል የላቲን ጽሑፍ ይቀየራል እንጂ ሰው የሚያየው ግዕዙን ነው። 21ኛው ግን ፀሐይ የሚለውን ቃል አስቡት አለ፣ በጸሎቱ ጸ ወይስ በፀሐዩ ፀ፣ ሐ ወይስ ሀ፣ ለኛ አንድ ቃል ነው ለዲኤንኤስ ግን አራት የተለያየ ስም። እውነቱን ነው። በላቲንም ብንጽፈው አንገላገልም፣ ጅማን ራሷን አንዱ በአንድ ኤም ሌላው በሁለት ኤም ይጽፋታል፣ እኛም ጋ ቡና የሚለውን ግማሹ ሰራተኛ በአንድ ኤን ግማሹ በሁለት ኤን እየጻፈው ስንት ጊዜ ስልክ ተደውሎልኛል። አሁን ስሙ ሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ከስሩ ኪውአር ኮድ አለ።

ከ22 እስከ 25 ያለው ነው ጭቅጭቁ። 22ኛው ራውተሩ ላይ ሁለተኛ ዲኤንኤስ ብዬ 8.8.8.8ን (የጉግል ዲኤንኤስ ነው) እንድጨምር መከረ፣ የኛ ሰርቨር ቢጠፋ ሰው ኢንተርኔት እንዳያጣ። ልክ ይመስላል፣ እኔም ጨምሬው ነበር፣ በማግስቱ ቻቱ አንዴ ይገባል አንዴ አይገባም። 23ኛው በጣም ተቆጣ፣ ይሄ ምክር በየቦታው እየተደገመ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ጻፈ፣ ሁለተኛ ማለት ተጠባባቂ ማለት አይደለም፣ ማሽኑ ከሁለቱ የፈለገውን ሊጠይቅ ይችላል፣ 8.8.8.8 ደግሞ የግቢያችንን ስም ስለማያውቅ የለም ብሎ ይመልሳል፣ የለም ደግሞ ራሱን የቻለ መልስ ስለሆነ ማሽኑ ወደ ሌላኛው ሄዶ አይጠይቅም። 22ኛው ዊንዶውስ ሁልጊዜ በቅደም ተከተል ነው የሚጠይቀው ብሎ ተከራከረ፣ 23ኛው ግቢ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰው፣ ከዛ ሁለቱም ከርዕሱ ወጥተው ማን ስንት ዓመት እንደሰራ ወደመቁጠር ገቡ። ጋሼ በ25ኛው ገብተው ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ አበረዷቸው፣ በነገሩ ግን 23ኛው ልክ እንደሆነ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ፣ ሁለተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ ያው መልስ ያለው ሌላ ትንሽ ማሽን ላይ ሁለተኛ ዲኤንኤስማስክ ይነሳ፣ ካልሆነ አንድ ብቻ ይሁን። 8.8.8.8ን አወጣሁት፣ የቻቱ መቆራረጥ ቆመ።

26ኛው አንድ የቀረ ስልክ ነበር፣ የቅምሻ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ሲገባ የሳቸው አይገባም። 27ኛው ወዲያው አወቀው። አንድሮይድ ከ9 ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል ሴቲንግ አለው፣ እዛ ላይ የውጭ ሰርቨር ስም ከተጻፈበት ስልኩ ጥያቄውን ሁሉ ለዛ ሰርቨር በተመሰጠረ መስመር ይልካል፣ የግቢውን ዲኤንኤስ ዞር ብሎም አያይም። እሳቸው ስልክ ላይ ማስታወቂያ ለመከልከል ብሎ አንድ ዘመድ አስገብቶላቸው ነበር። አስፈቅጄ አውቶማቲክ ላይ አደረግኩት፣ ገባ።

28ኛውና 29ኛው ስለኤስአርቪ ሪከርድ ነው፣ እኔ ይሄን ከመጀመሪያው አውቄው ቢሆን ኖሮ 23 አካውንት እንደገና አልከፍትም ነበር። ኤክስኤምፒፒ ላይ የሰው አድሬስ እንደ ኢሜል ነው፣ ከአት (@) በኋላ ያለው ዶሜን የግድ የማሽኑ ስም መሆን የለበትም። ኤስአርቪ ሪከርድ ለዚህ ዶሜን የሚሆነው ቻት ሰርቨር እንትን የሚባለው ማሽን ላይ፣ በፖርት 5222 ነው ብሎ ይጠቁማል፣ ነገ ማሽኑ ቢቀየር የሰዎቹ አድሬስ አይነካም። እኔ ዶሜኑን ከማሽኑ ስም ጋር አንድ አድርጌው ስለነበር ስሙን ስቀይር የሁሉም አካውንትና የጓደኛ ዝርዝር አብሮ ሄደ። ሪከርዱ መድረሻ ላይ ቁጥር ጽፌበትም ነበር፣ 29ኛው አረመኝ፣ እዛ የሚገባው የማሽን ስም ነው፣ ቁጥሩ በሌላ ሪከርድ ለዛ ስም ይሰጣል። ሰርተፊኬቱም (የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ) ላይ መኖር ያለበት ከአት በኋላ ያለው ዶሜን እንጂ የማሽኑ ስም አይደለም። የተገዛ ዶሜን ስላለን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በነጻ ሰጠን፣ ሰርቨሩን ለውጭ መክፈት ሳያስፈልግ የጠየቁትን የቲኤክስቲ ሪከርድ ዶሜኑ ላይ ማስገባት በቂ ነው፣ የተሰጠን ለ90 ቀን የሚያገለግል ነበር፣ ማደሱን ስክሪፕት ይሰራዋል።

30ኛው የኔ የመጨረሻ ችግር ነበር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻቱ ይሰራል ግን ለመግባት በጣም ይዘገያል። 31ኛው እንዳስረዳው አፑ የአይፒቪ4 (የተለመደው ዓይነት ቁጥር) ብቻ ሳይሆን የአይፒቪ6 (አዲሱ ረጅም ዓይነት) አድሬስም ይጠይቃል፣ ዲኤንኤስማስክ አይፒቪ6 ስላልሰጠሁት ጥያቄውን ወደ ውጭ ይልከዋል፣ ውጭ ደግሞ ማንም የለም፣ እስኪሰለች ይጠብቃል። ዲኤንኤስማስክ ላይ ሎካል የሚለውን ትዕዛዝ ለማሽኑ ስም ጨመርኩ፣ ስለዚህ ስም ከአንተ በቀር ማንንም አትጠይቅ እንደማለት ነው። የራውተሩን የኢንተርኔት ገመድ ነቅዬ ሞከርኩት፣ ከሚዛን ቤቱ ስልክ የጻፍኩት 60 ኪሎ የሚል ቁጥር ዓይኔ እያየ ሒሳብ ክፍል ስክሪን ላይ ወጣ።

32ኛው የአጋሮው ልጅ ነው፣ የተባለውን ሁሉ በቅደም ተከተል አድርጎ ስልኮቹ ግን ኮኔክሽን ሪፊውዝድ እያሉት ሁለት ቀን እንደለፋ ጻፈ። የሆስትስ ፋይሉን ሁለተኛ መስመር እንዲያይ ነገርኩት። 33ኛውን ማታ ላይ ላከው፣ መስመሩ እዛው ነበር።